«እንደ አባትህ!»

ባለፈው ክረምት ልጄ በረንዳ ላይ ቆሞ ስልክ ሲያወራ ሰማሁት። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ነው፤ በረንዳ ላይ የተወራ ሁሉ ወጥ ቤት ይሰማል። «ለአባትህ ደውልና የምዝገባ ክፍያ ደርሷል በለው» ያልኩት እኔ ነኝ። እሱ ግን ስለ ክፍያ ትንፍሽ አላለም። ስለ አርሴናል አወሩ፣ ስለ አያቱ ጉልበት አወሩ፣ ከዛ «እሺ አባዬ፣ ቻው» ብሎ ዘጋ። ሲገባ «ምን አለህ?» አልኩት። «ይልካል» አለኝ።

ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር፤ ዝም ብዬ መክተፌን ቀጠልኩ። ልጁ 15 ዓመቱ ነው። እኔ እንዳልበሳጭ ለእኔ ይዋሻል፣ አባቱ እንዳይጨነቅ ለአባቱ ይደብቃል፣ የሁለታችንንም ጣጣ እሱ ይሸከማል።

ከተፋታን 6 ዓመት አለፈን። ሽማግሌ ገብቶ ነበር፣ አልሆነም። ፍርድ ቤቱ ልጁ እኔ ጋ እንዲያድግ፣ አባቱ በየወሩ ቀለብ እንዲሰጥና ቅዳሜ ቅዳሜ እንዲወስደው ወሰነ። በ1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 113 የሚለውም ይኸንኑ ነው፦ ልጆቹ ከማን ጋር ይኑሩ፣ ትምህርታቸው፣ ጤናቸው፣ ቀለባቸው እንዴት ይሁን፣ ወላጅና ልጅ እንዴት ይጠያየቁ፣ ይህ ሁሉ በፍቺው ጊዜ መወሰን አለበት። እኛም ተወሰነልን። ለ9 ዓመት ልጅ ደግሞ ጥሩ ውሳኔ ነበር፤ ቅዳሜ ጠዋት ጫማውን አድርጎ በር ላይ ነበር የሚጠብቀው።

ድምፁ ሲጎረንን ነገሩ ተቀየረ። ቅዳሜ የሰፈር ኳስ አለው፣ ጓደኞች አሉት፣ የማይነግረኝም ነገር ያለው ይመስለኛል። አባቱን አልጠላም፤ ከሰፈሩ መለየት ነው የጠላው። አባቱ «እናትህ ነች ያስቀረችህ» ይለዋል። እውነቱን ልናገርና እኔም ሲቀር ውስጤ ደስ ይለው ነበር። «አንተ የትኛው ቀን ይመችሃል?» ብሎ የጠየቀው ግን አንድም ሰው አልነበረም።

ሌላው ደግሞ ይቺ «እንደ አባትህ!» የምትለዋ ቃል ናት። በር ሲያላትም «እንደ አባትህ!»፣ ሲያመሽ «እንደ አባትህ!»፣ ካልሲውን ሶፋ ሥር ሲወረውር «እንደ አባትህ!» የምታመልጠኝ ሳላስበው ነው። በእኛ አገር ደግሞ ልጅ ከስሙ ቀጥሎ የሚጠራው በአባቱ ስም ነው። ደብተሩ ላይ ያው ስም ነው፣ አስተማሪ ስም ሲጠራም ያው፣ ስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ሲፈተንም ያው። ቀኑን ሙሉ ይዞት የዋለውን ስም ማታ ቤት ሲገባ እኔ ስድብ አደርግበታለሁ። አንድ ቀን ጥርስ ሲፍቅ ብሩሹን ከአፉ አወጣና «እማ፣ እሱን የምመስለው ስትናደጂ ብቻ ነው?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ቀልዱም የአባቱ ነው፣ ታክሲ ውስጥ ለትልቅ ሰው የሚነሳውም ከአባቱ አይቶ ነው፤ ያኔ ግን «እንደ አባትህ» ብዬው አላውቅም።

ውጭ ደግሞ «ሴት ያሳደገው» የሚባል ስድብ ይጠብቀዋል። ዘመድ ሲመጣ ትከሻውን መታ መታ እያደረገ «አይዞህ፣ ከእንግዲህ የቤቱ ወንድ አንተ ነህ» ይለዋል። ለማጽናናት ነው፣ አውቃለሁ። ግን ቆይ፣ የምን የቤቱ ወንድ? አልጀብራ ያልገባው ልጅ ነው! እኔም አልተሻልኩም። ሲመሽ የማወራው ትልቅ ሰው ሳጣ ስለ ቤት ኪራዩ፣ ስለ ዕቁቡ፣ ስለ አለቃዬ ለእሱ ነበር የምዘረግፈው። ካወራሁት በኋላ እኔ ቀለል ይለኛል፣ እሱ ግን ምን እንደሚሆን አስቤ አላውቅም። ከዛ አንድ ቀን ስኒከሩን ላጥብ ሳነሳ ሶሉ በወፍራም ጥቁር ክር ዙሪያውን ተሰፍቷል። ለካ ሊስትሮ ጋ ወስዶ አሰፍቶት ነው። በታክሲ ብሩ። ጫማ ግዢልኝ ካለኝ ስንት ጊዜ እንደሆነው ለማስታወስ ሞከርኩ፣ አልመጣልኝም።

የዛን ቀን ማታ ለአባቱ ራሴ ደወልኩ። ስንት ዓመት በልጁ አፍ ስናወራ ኖረን አሁን በቀጥታ ማውራቱ እንዴት እንደከበደኝ አትጠይቁኝ። መጀመሪያ ተጨቃጨቅን፣ ያው እንደለመድነው። የተሰፋውን ጫማ ስነግረው ግን ዝም አለ። የክፍያውን ነገር ጭራሽ አልሰማም ነበር። አሁን ብሩን በቴሌብር ይልክልኛል፣ ሲዘገይ የምጠይቀው እኔ ነኝ። ልጁ በዚህ ውስጥ የለበትም። ቅዳሜንም ሁለቱ እየተደዋወሉ ይጨርሱታል። የወጣችውን ጢም መላጨት ያስተማረው አባቱ ነው፤ አገጩ ላይ ፕላስተር ለጥፎ መጣ። «እንደ አባትህ»ን አሁንም አልተውኳትም፣ ሲስቅ ግን እላታለሁ።

አንድ የቀረ ነገር ነበር፣ በዓል። ባለፈው ፋሲካ አባቱ ቤት ዶሮ በልቶ መጥቶ እኔ ቤት «እርቦኛል» ብሎ እንደገና በላ፣ ሌሊቱን ሆዱን ይዞ ሲገላበጥ አደረ። የበላው ራበው ብሎ አልነበረም፣ ቅር እንዳይለኝ ብሎ ነው። ለእንቁጣጣሽ ራሱ ቀድሞ መጣና «ምሳ አባዬ ጋ ነኝ። አንቺ ዶሮውን ለማታ አድርጊው» አለኝ። ለማታ አደረግኩት። እየቸኮልኩ ሽንኩርቱ በደንብ አልበሰለም ነበር፣ እሱም አልደበቀኝም፣ «ዛሬስ አልተሳካልሽም» አለኝ።

እንቁላሉን ግን ሁለት በላ።