የቁልቢው ገብርኤል ስለቴን ሰማኝ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የኩላሊት እጥበት ከጀመርሁ አምስተኛ ዓመቴ ነው፤ በሳምንት 3 ቀን፣ በእያንዳንዱ ቀን 4 ሰዓት ማሽኑ ሥር እተኛለሁ። ዛሬ የምመሰክረው ግን ስለ ደሜ ነው። ኩላሊት ደምን ከማጣራት ሌላ፣ መቅኔን ደም እንዲሠራ የሚያዝዘውን ኤሪትሮፖይቲን የተባለ ሆርሞን ያመነጫልና፣ እርሱ ሲደክም ደምም አብሮ ይነጥፋል።

የደሜን መጠን የሚያሳየው ሄሞግሎቢኔ ወርዶ 6.4 በደረሰ ጊዜ ከአልጋዬ እስከ በሩ ያለው መንገድ ያስለከልከኝ ነበር። የሆርሞኑን መርፌ እየገዛን፣ እንዳይሞቅ በረዶ በተሞላ ፔርሙስ ይዘን እየሄድን ለወራት ብወጋም ደሜ ንቅንቅ አላለም። ዘመዶቼ ደም ይሆናታል ብለው የቀይ ሥር ጭማቂ ያመጡልኝ ነበር (ፖታሲየሙ ለእንደኔ ያለ ታካሚ ልብ አደገኛ መሆኑን ማን ነግሯቸው!)። ወንድሜ ኩላሊቱን ሊሰጠኝ ተዘጋጅቶ ስለ ነበር፣ የሌላ ሰው ደም የሚያስነሣው ፀረ እንግዳ አካል (ባዕድን የሚዋጋው የሰውነት መከላከያ) ንቅለ ተከላውን እንዳያሰናክልብኝ ሐኪሞቹ ደም ሊሰጡኝ ሠጉ። ያን ጊዜ፣ በእግሬ ቆሜ ብሄድ ለታኅሣሥ 19 ቁልቢ ጥላ ላስገባ ተሳልሁ።

በተሳልሁ በሳምንቱ፣ በእጥበት ላይ ሳለሁ ከፔርሙሱ በረዶ አውጥቼ ስቆረጥም አንዲት ነርስ አየችኝ። ፈሳሽ እንድቀንስ ታዝዤ ስለ ነበር ደንግጬ ልደብቀው ስል፣ «እኅቴ፣ በረዶ ያምርሻል እንዴ? ከመቼ ጀምሮ?» አለችኝና ለሐኪሙ ነገረችው። አምሮቱ የአይረን (የብረት ማዕድን) እጥረት ምልክት ሊሆን እንደሚችል አላውቅም ነበር። በሰውነት የተከማቸውን አይረን የሚያሳየውና ለእጥበት ታካሚ ከ200 በታች ሲሆን አነሰ የሚባለው ፌሪቲን የእኔ 41 ሆኖ ተገኘ። ለካስ መርፌው መቅኔዬን ደም ሥራ እያለ ሲጎተጉተው፣ የሚሠራበት አይረን አልቆበት ኖሯል፤ በየእጥበቱ በማጣሪያውና በቱቦው የሚቀረው ጥቂት ደም በዓመታት ውስጥ አሟጥጦታል፣ የምውጠው ኪኒንም አልተካውም። በ10 እጥበት፣ በእያንዳንዱ 100 ሚሊ ግራም አይረን በደም ሥሬ ተሰጠኝ፤ ከሁለት ወር በኋላ ሄሞግሎቢኔ 10.7 ሆነ።

«ያዳነሽ አይረኑ ነው» የሚሉኝ አሉ፤ እኔስ መች ካድሁ? ነገር ግን ስድስት ወር ሙሉ ማንም ልብ ያላለውን በረዶ ያን ቀን ለነርሷ ማን አሳያት?

ታኅሣሥ 17 ታጥቤ፣ በ18 ድሬዳዋ ደርሼ፣ በ19 ጥላዬን ይዤ የቁልቢን ዳገት በእግሬ ወጣሁ። ያረፍሁት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው።