ሆሊውድ ጎረቤቴ ነው፣ ግን አንተዋወቅም

አዲስ አበባ ካሉት የድሮ ጓደኞቼ ጋር በስልክ ባወራን ቁጥር ሳትነሳ የማትቀር አንዲት ጥያቄ አለች፦ «ሎስ አንጀለስ ተቀምጠህ፣ ሆሊውድ አፍንጫህ ሥር ሆኖ፣ ያን ሁሉ ግጥምና ዜማ ለምን ለፊልም አትሸጠውም?» ጥያቄው ከቅን ልብ ስለሚመጣ መቆጣት አይቻልም። እውነትም ፌርፋክስ ጎዳና ላይ «ትንሿ ኢትዮጵያ» በምትባለው ሰፈራችን ምሳውን የበላ ሰው፣ ጎዳናውን ይዞ ወደ ሰሜን ጥቂት በእግሩ ቢሄድ፣ የኦስካር ሽልማት የሚሰጠው አካዳሚ በ2021 የከፈተውን የፊልም ሙዚየም ያገኛል። ጓደኞቼ ካርታ አይተው ስለሚፈርዱ፣ በዚያ ሙዚየም ደጃፍ የማልፈው ተሳፋሪ ለማድረስ መሆኑን ስነግራቸው የምቀልድ ይመስላቸዋል።

ሰሞኑን ደግሞ አንዱ፣ እሱም የዘፈን ግጥም ደራሲ ነው፣ አዲስ ማስረጃ ይዞ መጣ። «አርተር ፍሪድ የሚባል እንደኛው ግጥም ጸሐፊ የነበረ ሰው ፕሮዲዩሰር ሆኖ ሆሊውድን አንቀጥቅጦታል አሉ፤ አንተ ከእሱ በምን ታንሳለህ?» ሲል ጻፈልኝ። በምን እንደማንስ በስልክ ተነግሮ የሚያልቅ ስላልሆነ እዚህ ጻፍኩት። ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ፍሪድ በ1894 በሳውዝ ካሮላይናዋ ቻርልስተን ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ፤ ኒው ሃምፕሻየር ውስጥ በሚገኘው በታዋቂው የፊሊፕስ ኤክሰተር አዳሪ ትምህርት ቤት ተማረ። የመጀመሪያ ሥራው ግን ቺካጎ ውስጥ ለሙዚቃ አሳታሚ ፒያኖ እየመታ ዘፈን ማስተዋወቅ ነበር። በዚያ ዘመን የሚሸጠው የታተመው ኖታ ስለነበር፣ ደንበኛው ገዝቶ ቤቱ ወስዶ እንዲጫወተው በመጀመሪያ አንድ ሰው ሊያሰማው ይገባ ነበር። የእኛ ሙዚቃ ቤቶች አዲስ ካሴት ሲወጣ ድምፅ ማጉያውን ወደ መንገድ አዙረው እንደሚያስጮኹት ማለት ነው፤ ልዩነቱ ያኔ ድምፅ ማጉያው ሰው መሆኑ ነው። ከዚያም የቀልደኞቹን የማርክስ ወንድማማቾችን እናት ሚኒ ማርክስን ተዋውቆ ከልጆቿ ጋር በየከተማው መድረክ ዘፈነ፣ ለትርዒታቸውም ጻፈ። በ1923 «አይ ክራይድ ፎር ዩ» የተባለው ዘፈኑ ስም አወጣለት።

ጓደኛዬ ይህን ሲያነብ «በትንሽ ሥራ ጀመረ፣ አንተም በትንሽ ሥራ ላይ ነህ» እንደሚለኝ አውቃለሁ። ነገር ግን የፍሪድ ትንሽ ሥራ ከአሳታሚው ደጅ ወደ ውስጥ ያለ ሥራ ነበር። እኔ ደጁን ያየሁት በሌላ ወገን ነው።

በመጣሁ ሰሞን ሥራዬን ለአንድ የሙዚቃ አሳታሚ ድርጅት ላቀርብ ተነሣሁ። ግጥሞቼን ወደ እንግሊዝኛ አስመልሼ፣ ዜማዎቹን በሲዲ ቀድቼ፣ በቡናማ ፖስታ አሽጌ፣ ለሠርግ የምለብሰውን ሙሉ ልብስ ለብሼ ሄድኩ። እንግዳ ተቀባይዋ ከኮምፒዩተሯ ቀና ሳትል በእስክሪብቶዋ ወደ አንድ መደርደሪያ እያመለከተች «ምግቡን እዚያ አስቀምጠው» አለችኝ። መደርደሪያው ላይ የሠራተኞቹ ስም የተጻፈባቸው የሳንድዊች ከረጢቶች ተደርድረው ነበር። ምግብ እንዳልያዝኩ ስነግራት ፊቷ ቲማቲም መስሎ ይቅርታዋን ስላዥጎደጎደችው፣ በመጨረሻ «ምንም አይደለም» እያልኩ የማጽናናት እኔ ሆንኩ። ወዲያውም በዚያው ፈገግታ፣ በወኪል ወይም በጠበቃ በኩል ያልመጣ ሥራ ተቀብለው እንደማይከፍቱ፣ ምክንያቱም ነገ ተነሥቶ «ዘፈኔን ሰረቃችሁኝ» ብሎ የሚከሳቸው እንደሚበዛ አስረድታ ፖስታዬን እንደታሸገ መለሰችልኝ። አገር ቤት ቢሆን ተቀብለው መሳቢያ ውስጥ ከተው «ነገ ና» እያሉ ዓመት ያመላልሱኝ ነበር። ፈረንጅ በአምስት ደቂቃ ይቅርታ እየጠየቀ ይሸኝሃል፤ የትኛው እንደሚሻል እስካሁን አልወሰንኩም። ያንን ሙሉ ልብስ ግን ለሠርግም ደግሜ መልበስ አስጠልቶኛል።

ወደ ሰውዬው ልመለስ። ፊልም ድምፅ ማውጣት ሲጀምር ስቱዲዮዎች ዘፈን ጸሐፊ ፈለጉ፤ ፍሪድም ከዜማ ደራሲው ናሲዮ ኸርብ ብራውን ጋር በ1929 ኤም.ጂ.ኤም. የተባለው የፊልም ስቱዲዮ ገባ። የሁለቱ ዘፈኖች የተካተቱበት «ዘ ብሮድዌይ ሜሎዲ» የምርጥ ፊልም ኦስካርን ያገኘ የመጀመሪያው ባለድምፅ ፊልም ሆነ። በዝናብ ውስጥ ስለመዝፈን የሚያወራው ዝነኛ ዘፈናቸው «ሲንጊንግ ኢን ዘ ሬይን»ም በዚያው ዓመት በሌላ ፊልም ላይ ተሰማ። ልብ በሉ፤ ከዚህ በኋላ ፕሮዲዩሰር እስኪሆን አሥር ዓመት በስቱዲዮው ቅጥር ውስጥ ዘፈን ሲጽፍ፣ ቀረጻ ሲያይ፣ ከአለቃው ከሉዊስ ቢ. ሜየር ጋር ሲቀራረብ ኖሯል። ዕድሉ ሲመጣም በ1939 «ዘ ዊዛርድ ኦቭ ኦዝ» ላይ በረዳትነት ሠርቶ ስሙ እንኳ በፊልሙ ላይ አልተጻፈለትም። ተዋናይቷ ጁዲ ጋርላንድ በዚያ ፊልም ስለ ቀስተ ደመና የምትዘፍነው ዘፈን «ፊልሙን አዘገየው» ተብሎ ሊቆረጥ ሲል አይቆረጥም ብለው ከተሟገቱት አንዱ እሱ ነበር። ዘፈኑ የእሱ አልነበረም፤ የሃሮልድ አርለንና የይፕ ሃርበርግ ነው። ለሌላ ደራሲ ዘፈን እንዲህ የሚሟገት ሐበሻ ደራሲ ካላችሁ አስተዋውቁኝ።

በራሱ ስም ፕሮዲዩሰር ከሆነ በኋላም እኔ ልምራ፣ እኔ ላቀናብር አላለም። ዳይሬክተሩን ቪንሰንት ሚኔሊን ከኒው ዮርክ የቲያትር ሰፈር ከብሮድዌይ አመጣ፤ ሙዚቀኛውን ሮጀር ኤደንስን፣ ተወዛዋዡን ጂን ኬሊን፣ ዳይሬክተሩን ስታንሊ ዶነንን፣ ጸሐፊዎቹን ቤቲ ኮምደንና አዶልፍ ግሪንን በዙሪያው ሰበሰበ። በእኛ ዘንድ ግጥሙም፣ ዜማውም፣ ገንዘቡም፣ ፖስተሩ ላይ ያለው ፎቶም የአንድ ሰው ካልሆነ አልበሙ የወጣ አይመስለንም። ፍሪድ ከሠራቸው ፊልሞች «አን አሜሪካን ኢን ፓሪስ» የ1951ን፣ «ጂጂ» የ1958ን የምርጥ ፊልም ኦስካር አገኙ፤ «ጂጂ» ብቻውን 9 ኦስካር ወሰደ። ከ1963 እስከ 1967 ደግሞ ኦስካርን የሚሰጠው የአካዳሚው ፕሬዚዳንት ሆነ።

እኔን ያስደነቀኝ ግን የ1952ቱ «ሲንጊንግ ኢን ዘ ሬይን» ነው። ዘፈኑ ለፊልሙ የተጻፈ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ፊልሙ ነው ለዘፈኑ የተጻፈው። ፍሪድ ከብራውን ጋር የሠራቸውን አሮጌ ዘፈኖች ለኮምደንና ለግሪን ሰጥቶ ታሪክ እንዲያለብሷቸው አዘዘ፤ እነሱም ዘፈኖቹ የተወለዱበትን ዘመን፣ ድምፅ አልባው ፊልም ድምፅ ሲያወጣ የሆነውን ግርግር ጻፉ። ለፊልሙ ከተጨመሩት አዳዲስ ዘፈኖች አንዱ በዘፈን ደራሲው በኮል ፖርተር የ1948 ዘፈን ላይ የተቀዳ ያህል ይመሳሰላል፤ ፖርተር ግን ሳይከስ ቀረ። አዲስ አበባ ቢሆን ይህ ብቻ ለአንድ ወር የኤፍ.ኤም. ጣቢያዎች ቀለብ ይሆን ነበር።

«ቀለማችንስ?» ለሚለኝ ደግሞ የጥቁሯን አሜሪካዊት ዘፋኝ የሊና ሆርንን ነገር ላንሣ። ፍሪድ በ1943 ተዋንያኑ ጥቁሮች የሆኑበትን «ካቢን ኢን ዘ ስካይ» ሠርቷል፤ ሆርንም ከመሪ ተዋንያኑ አንዷ ነበረች። በሌሎች የስቱዲዮው ፊልሞች ግን የእሷ ዘፈኖች የዘር መድልዎ በነገሠባቸው በደቡብ ግዛቶች ሲኒማ ቤቶች ተቆርጠው እንዲወጡ ከታሪኩ ተነጥለው ይቀረጹ ነበር። በ1946 በአንድ የፍሪድ ፊልም ላይ «ሾው ቦት» ከተባለው የሙዚቃ ቲያትር የጁሊን ዘፈን ዘፈነች፤ ጁሊ ከጥቁርና ከነጭ የተወለደች ገጸ ባሕርይ ናት። በ1951 ግን ፍሪድ ሙሉውን «ሾው ቦት» ሲሠራ ሚናው ለነጯ ለኤቫ ጋርድነር ተሰጠ። ሊና ሆርን እዚሁ አገር ተወልዳ፣ ቋንቋው የእሷ ሆኖ፣ ውስጥ ገብታ ነው ይህ የደረሰባት።

ስለዚህ ወንድሜ፣ የዘፈን ግጥም ይዘህ ልትመጣ ካሰብክ፣ ሰሚህ ያለው አንተ ዘንድ መሆኑን አስቀድመህ አስብ። ልምጣ ካልክም ከመነሣትህ በፊት በእጅህ ያለውን ሥራ በጽሑፍ ውል አስይዘው። የአገራችን የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይህ ዓመት ብቻ በእኛው አቆጣጠር ነው) ለደራሲ በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት መብት ይሰጠዋል፤ አንተ ግን ግጥምህን ቡና ቤት ተቀምጠህ ለአንድ ጊዜ ክፍያ፣ ያውም በቃል፣ እንደምትሸጥ አውቃለሁ። የእነ ፍሪድ የ1929 የዝናብ ዘፈን እዚህ አገር በሕግ ነፃ የወጣው በ2025 ነው፤ ያን ያህል ዘመን የሰው ንብረት ሆኖ ገንዘብ ሲያስገባ ኖሯል። ኪቦርድህንም ለትኬት መሙያ ብለህ እንዳትሸጠው፤ እዚህ መጥተህ ሌላ የምትገዛው በታክሲ ሥራ ነው፣ የምትጫወትበትን ሰዓት ግን ታክሲው አይሰጥህም።