እኔን የወር አበባዬ ነገረኝ

በ27 ዓመቴ የወር አበባዬ ቀረ። እርግዝና መስሎኝ ተመረመርኩ፤ አይደለም ተባልኩ። በሦስተኛው ወር አንድ ጠዋት ሸሚዜ ደረቴ ላይ ረጥቦ አገኘሁት። ወተት ነው። ወልጄ አላውቅም። በነጋታው ሐኪም ቤት ነበርኩ።

ጡት ወተት እንዲሰጥ የሚያደርገው፣ ፕሮላክቲን የሚባለው ሆርሞን በደም ምርመራ 140 ሆነ። በሴት ከ25 ብዙም ማለፍ አልነበረበትም። ከአንጎል ሥር ያለችው፣ ሽምብራ የምታክለው ፒቱታሪ ዕጢ ላይ ኤምአርአይ 6 ሚሊሜትር እባጭ አሳየ፤ ሆርሞኑን የሚያበዛው እሱ ነው። ካንሰር አይደለም፤ እፎይ አልኩ።

ይህን የምጽፈው ግን በጋሼ ምክንያት ነው። የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ነው፤ ሚኒባስ ይነዳል። ባለፈው ዓመት በሁለት ወር ውስጥ ሦስቴ ስፖኪዮ ሰበረ። መነጽር ገዛንለት። ራስ ምታቱን በፀሐይ አሳበብን። አንድ እሑድ ቡና ቀድቼ ሲኒውን በቀኝ ጎኑ ዘረጋሁለት። ዝም። በግራው ዞርኩ። ዝም። ፊት ለፊቱ ሳደርገው እጁን ሰደደ።

በሽታው ያው የእኔው ሆኖ ተገኘ። የእሱ እባጭ ግን 32 ሚሊሜትር ደርሷል። የዓይን ነርቮች ከፒቱታሪ በላይ ይሻገራሉ፤ እባጩ ወደ ላይ ሲገፋቸው የሁለቱም ዓይን የውጪ ጎን ይጨልማል።

በወንዶች ላይ እባጩ ራሱ ጠንከር ይላል ይባላል። ግን ዝምታውም አለበት። ሴት በየወሩ የምትቆጥረው ነገር አላት፤ ሲቀር ታውቃለች። ወንድ ምን ይቆጥራል? ፕሮላክቲን ሲበዛ ቴስቶስትሮን ይወርዳል፣ የወሲብ ስሜት ይቀዘቅዛል፣ ጉልበት ይከዳል። ጋሼ ይህን ስድስት ዓመት ሙሉ ለማንም አልተነፈሰም። ልጅ አልመጣ ሲል በየክሊኒኩና በየጸበሉ የተንከራተተችው ሚስቱ ናት። እሷን ስንቴ መረመሯት! እሱን አንድ ቀን እንኳ ደም ስጥ ያለው የለም። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ሁለታችንም ካበርጎሊን የሚባል እንክብል በሳምንት ሁለቴ እንወስዳለን። እሱም ቢሆን ቀዶ ጥገና አላስፈለገውም፤ እባጩ በመድኃኒቱ እየሟሸሸ ነው። የእኔ የወር አበባ ተመልሷል። የእሱ ዓይን ግን ቀስ እያለ ነው፤ መሪ ገና አልጨበጠም።

ሰኞና ሐሙስ ማታ ይደውልልኛል።

«ዋጥሽ?»

«ዋጥኩ ጋሼ። አንተስ?»