ምላሴ ላይ የበቀለው ጎመን

መጽሐፉን የገዛሁት ለጎመኑ ብዬ ነው።

ያገለገሉ ዕቃዎች ክምር ውስጥ፣ አንድ እግሩ በጎደለ ወንበርና ክዳን በሌለው ጀበና መሃል ተቀብሮ አገኘሁት። ሽፋኑ አረንጓዴ ጨርቅ ነው። ጨርቁ ላይ አንድ ትልቅ ጥቅል ጎመን ታትሟል። ጎመኑ ዓይን አለው። ጥርስም አለው። ፊት ለፊቱ ቢላ የያዘ ሰውዬ ቆሟል፤ ሁለቱም ይስቃሉ። ሰውዬው ቢስቅ ይገባኛል። ጎመኑን ምን አሳቀው?

የድሮ ሠዓሊዎች ይህን ነገር ይወዱታል። የድሮ የምግብ ማስታወቂያዎችን ያየ ሰው ያውቀዋል፤ የሚበላው ነገር ሁሉ ለመበላት የቸኮለ ነው። አሳማው ቢላ ይዞ የራሱን ሥጋ እየቆራረጠ ያስተናግዳል፣ ዓሣው ኮፍያውን አንስቶ ሰላም ይላል። የዛሬ ሽፋን ላይ ይህን የሚደፍር የለም። ለዚህ ነው እኔ ሰልባጅ መጽሐፍ ስገዛ ውስጡን የማላየው። ባለቤቴ ግን «ሥዕል ከፈለግክ ግድግዳ ላይ ስቀል፤ መደርደሪያውን ለቀቅ አድርግልን» ትላለች።

ቤት ስገባ ማታ ሆኗል። መጽሐፉ የአትክልት አያያዝ መመሪያ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ገጾች ተገንጥለዋል፤ መቼ እንደታተመ አይታወቅም። ሥዕሎቹ ግን ጉድ ናቸው! ሽንኩርቷ ራሷ እያለቀሰች ዕንባዋን በመሐረብ ትጠርጋለች። ቲማቲሙ ደግሞ ቅላቱ አንድ ቦታ፣ እሱ ሌላ ቦታ ነው። ከንፈሩ ጉንጩ ላይ ቀርቷል። እንዲህ የሚሆነው የማተሚያ ቤት ጥፋት ሲኖር ነው። ባለቀለም ሥዕል የሚታተመው አንዱ ቀለም በሌላው ላይ እየተደረበ፣ እያንዳንዱም በየራሱ ሰሌዳ ነው። ወረቀቱ በመሃል ትንሽ ከተንሸራተተ ቀለሙ ከመስመሩ ይወጣል። አጉልቶ በሚያሳይ መስታወት ካያችሁት ደግሞ ሥዕሉ በሙሉ የነጠብጣብ ክምር ነው። እኔ እንዲህ ያለውን ስህተት ከትክክለኛው ሥዕል አስበልጬ እወዳለሁ።

ታዲያ ወዳጅነቴን ለመግለጽ ሽፋኑን በእርጥብ ጨርቅ ወለወልኩት።

ይህን አታድርጉ። የድሮ የጨርቅ ሽፋን ብዙውን ጊዜ በስታርች የተሞላ ነው፤ ውሃ ሲነካው ቀለሙን ይለቃል። በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ አቧራውን ማራገፍ ይበቃል። ይህን ያወቅኩት በኋላ ነው። በሰዓቱ ጨርቄ አረንጓዴ ሲሆን «ስንት ዘመን የተከማቸ ቆሻሻ ነው!» ብዬ ይበልጥ ፈተግኩት። ከዚያ እርጥቡን መጽሐፍ መዳፌ ላይ ዘርግቼ ማንበብ ቀጠልኩ። አንድ ልማድ ደግሞ አለብኝ፤ ገጽ የምገልጠው ጣቴን በምራቄ እያራስኩ ነው። መጽሐፉ ወፍራም ነበር።

እኩለ ሌሊት ገደማ ስለ አረንጓዴ የድሮ ሽፋኖች ላንብብ ብዬ ስልኬን ከፈትኩ። ምነው ባልከፈትኩት! እ.ኤ.አ. በ1814 በጀርመን፣ ሽዋይንፉርት በምትባል ከተማ፣ አንድ የሚያምር አረንጓዴ ቀለም መመረት ጀመረ። የተሠራው ከመዳብና ከአርሴኒክ ነው። አርሴኒክ ማለት መርዝ ነው። ሰዎቹ በቀለሙ አብደው የግድግዳ ወረቀትና ቀሚስ ቀቡበት፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ደግሞ የመጽሐፍ ሽፋን። አሜሪካ ውስጥ ዴላዌር የሚገኘው ዊንተርተር ሙዚየም እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ እነዚህን መጻሕፍት እያደነ ነው። ከ100 በላይ አግኝቷል። ባለሙያዎቹ በጓንት ነው የሚነኳቸው።

በጓንት! እኔ ስልሰው ነው ያመሸሁት።

የቀለሙን ናሙና ስልኬ ላይ አውጥቼ ከጎመኑ ጎን ያዝኩት። የስክሪኑን ብርሃን ስቀንስ አይመሳሰሉም፤ ስጨምር መንታ ናቸው። ወደ መስታወት ሮጥኩ። ምላሴን አወጣሁ።

አረንጓዴ! ዳር እስከ ዳር!

ጩኸቴ ባለቤቴን ቀሰቀሳት። አይታኝ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። ቀጥታ ጎረቤታችን ያለች ነርስ ጋ ደወለችና ስልኩን ሰጠችኝ።

«ሲስተር፣ ይቅርታ በዚህ ሰዓት፣ ተመርዣለሁ መሰለኝ።»

«በስመአብ! ምን በላህ?»

«መጽሐፍ።»

ዝም አለች። «ሰው አለ አጠገብህ?»

«ማለቴ ሽፋኑን ነው። ጎመኑን።»

«ጎመን ነው የበላኸው ወይስ መጽሐፍ?»

«መጽሐፉ ላይ ያለውን ጎመን።»

«ባለቤትህን አቅርብልኝ» አለች፣ ሕፃን በሚያባብል ድምፅ። ሁለቱ ሲያወሩ እኔ ኑዛዜ ማሰላሰል ጀመርኩ። ብዙ ንብረት የለኝም። መጻሕፍቱን ለማን እንደምተው አሰብኩ፤ የሚፈልጋቸው ሰው ግን ትዝ አላለኝም።

ባለቤቴ ስልኩን ጆሮዋና ትከሻዋ መሃል ይዛ መጽሐፉን በፌስታል አንስታ ታገላብጥ ነበር። አንድ ገጽ ላይ ቆመች።

«ያ መርዝ መቼ ነበር ያልከው?»

«በ1850ዎቹ ምናምን።»

ገጹን አዞረችልኝ። የካሮት ቤተሰብ ነው። አባት ካሮት፣ እናት ካሮት፣ ሦስት ትንንሽ ካሮቶች። ሁሉም ሶፋ ላይ ተደርድረው ቴሌቪዥን ያያሉ።

«በ1850ዎቹ ካሮት ቴሌቪዥን ታይ ነበር?»

ከስልኩ ውስጥ የሲስተር ሳቅ ይሰማል። መጽሐፉ የኔን አባት ያህል እንኳ ዕድሜ የለውም። ሲስተር የሆድ ሕመምም ማስመለስም እንደሌለኝ ጠይቃ፣ አፌን ተጉመጥሙጬ እንድተኛ፣ ከተሰማኝ ግን ሐኪም ቤት እንድሄድ አዘዘች። በቀጣዩ ቀን ደረጃው ላይ ስታገኘኝ «ቁርስ ምን አነበብክ?» አለችኝ። አሁንም አልተወችኝም።

ቀለሙ ግን በጥርስ ብሩሽም አልለቅ አለ። ማግስቱ ሰኞ ነው፤ ጠዋት ስብሰባ አለ። አፌን ላለመክፈት ቆርጬ ገባሁ። አለቃችን ሲያናግሩኝ ጭንቅላቴን እነቀንቃለሁ፤ ሁሉም ሲስቁ በአፍንጫዬ እስቃለሁ። ስብሰባው አልቆ ስንወጣ የሥራ ባልደረባዬ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «ጀግና ነህ» አለኝ።

ለካስ ስነቀንቅ የዓመቱን ሪፖርት ብቻዬን ልጽፍ ተስማምቼ ኖሯል።