ዘፈኑን ሳላውቀው ርዕሱን እንዴት አገኘሁት

ሮክ እየሰማሁ አላደግኩም። ቤታችን የነበረው ካሴት የጥላሁንና የአስቴር ነው፤ የፈረንጅ ዘፈን የምንሰማው ሰፈር ውስጥ ሰርግ ሲኖር ነበር። ስለዚህ ለንደን በምሠራበት ሆቴል፣ የሂሳብ ክፍሉ እንግሊዛዊ በየሳምንቱ የሠራተኞች ክፍል ፍሪጅ ላይ የሚለጥፋትን ወረቀት ሳያት የኔ ጉዳይ አልመሰለችኝም። ወረቀቷ ላይ ፍንጮች አሉ። እያንዳንዱ ፍንጭ የአንድ የድሮ ሮክ ወይም ፖፕ ዘፈን ርዕስ ይደብቃል። ብዙ ያገኘ ብስኩት ይሸለማል። አሁን ብስኩቱን አዘውትረን የምንበላው እኔና ልብስ ማጠቢያው ክፍል የሚሠሩት ጋሼ ነን፤ እንግሊዞቹም ነገሩ ከንክኗቸዋል።

ዓይኔን የገለጠችልኝ ፍንጭ ከእንግሊዝኛ ስትተረጎም እንዲህ ትላለች፦ «ውሃና ሽንት ቤት፤ ናፖሊዮን የተመታበት (8)»። ዙሪያዬ ያለው ሰው ሁሉ ያንጎራጉራል፣ ዘፈን ለማስታወስ ጣሪያ ጣሪያ ያያል። እኔ የማስታውሰው ዘፈን ስለሌለኝ ቃሉን ብቻ አየሁ። ውሃ ዋተር ነው። ሽንት ቤትን ደግሞ እንግሊዞች በቤት ቋንቋቸው ሉ ይሉታል፤ ይህን ሆቴል ያጸዳ ሰው ከማንም በላይ ያውቃል። ዋተር እና ሉ፣ ዋተርሉ። በየቀኑ ባቡር የምቀይርበት ጣቢያ! ዘፈኑ አባ የሚባለው ባንድ ነው፣ ስዊድኖቹ በ1974 ብራይተን ላይ የአውሮፓን የዘፈን ውድድር፣ ዩሮቪዥንን፣ ያሸነፉበት (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። ዜማውን የሰማሁት ርዕሱን ካገኘሁ በኋላ ነው።

አሠራሩ እንግሊዞች በጋዜጣ ክሮስወርድ፣ ማለትም ፍንጭ እየፈቱ ቃል በሚሞሉበት ጨዋታ፣ የለመዱት ነው። ፍንጩ ሁለት ቁራጭ አለው። አንዱ ጫፍ ላይ፣ ወይ መጀመሪያ ወይ መጨረሻ፣ የመልሱ ፍቺ ይቀመጣል። የቀረው ፊደሎቹን እየገጣጠመ መልሱን የሚሠራልህ ክፍል ነው። በቅንፍ ያለው ቁጥር የመልሱ የእንግሊዝኛ ፊደሎች ብዛት ነው። ሁለቱን ቁራጭ አንድ ላይ ስታነብ የሚወጣው ታሪክ ግን ውሸት ነው፤ አንተን ለማሳት የተቀመጠ ነው።

ይህን ለአበሻ ስትነግረው ሁሌም አንድ መልስ ነው የሚሰጥህ፦ «ሰምና ወርቅ ነዋ!» አይደለም። አዝማሪ በሰሙ ሲያሞግስህ በወርቁ ይነካሃል፣ ሁለቱም ይቆማሉ፣ ሰሙም ለብቻው ይጥማል። የእንግሊዞቹ ሰም ግን ይጣላል። አንብበህ ፈገግ ትላለህ፣ ከዚያ ዘወር ብለህ አታየውም። እኔን የጠቀመኝ ሌላ ነው፦ ኅብረ ቃል የለመደ ጆሮ። አንድ ቃል ስንሰማ አጣብቀንም ነጥለንም መስማት ከልጅነታችን ያለ ነገር ነው። እንግሊዞቹ ቃሉን እንደ ቃል ስለሚያዩት መስበር ይከብዳቸዋል። የራሳቸው ቋንቋ ነው፣ አይፈረድባቸውም።

ለምሳሌ «ነፍሳቱን አትንካ (3፣ 2፣ 2)»። ንብ በእንግሊዝኛ ቢ ነው፣ መሆን የሚለው ግሥም ቢ ነው፤ ጆሮ አይለያቸውም። ሌት ኢት ቢ፣ ተወው ማለት ነው። የቢትልስ፣ 1970። ወይም «ጂን ነኝ፣ ወደ ምሥራቅ፤ በሐሳብህ ሣል (7)»። ጂን ማለት መናፍስቱ ሳይሆን የሚጠጣው ነው። አይም ኤ ጂን ብለህ ጽፈህ መጨረሻው ላይ የምሥራቅን (ኢስት) ምልክት፣ ኢ የሚለውን ፊደል፣ ስትቀጥል የጆን ሌነን ኢማጂን ይወጣል። የመጀመሪያ ጊዜ ይህን ወረቀት ላይ ስጽፍ ብቻዬን ነው የሳቅኩት።

በጣም የምወዳት ግን የገንዘቧ ናት። «በኔ ውስጥ አንድ ሲገባ ሀብታም ያደርገኛል (5)»። የኔ ማለት ማይ ነው፣ ሁለት ፊደል፣ ኤም እና ዋይ። በመሃላቸው አንድን፣ ማለትም ዋንን፣ ሦስቱን ፊደል እንዳለ አስገባ። መኒ! ፒንክ ፍሎይድ በ1973 የዘፈኑት። ድምፁን ብትከተል አታገኘውም፤ ማይ እና ዋን ሲነበቡ መኒን አይመስሉም። የሚገናኙት ወረቀት ላይ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ «ውስጥ» ወይም «ዋጠ» ወይም «አቀፈ» የሚል ቃል ሳይ ብዕር አነሣለሁ፣ አፌን እዘጋለሁ።

እንዲህ ዓይነት ጠቋሚ ቃላት ከተለመዱ ሥራው ግማሽ ያልቃል። «ሲሰማ» ወይም «በሬዲዮ» ካለ ድምፅ ነው። «ሲመለስ» ካለ ከኋላ ወደ ፊት አንብብ። «ሰከረ»፣ «ተሰበረ»፣ «ተበጠበጠ» ካለ ፊደሎቹን በትን። ጌይን የሚለው ቃል ተሰብሮ ምሥራቅ ሲጨመርበት የሮሊንግ ስቶንስ አንጂ ይሆናል። ስትበትን ፊደሎቹን በመስመር አትጻፋቸው፣ ክብ አድርገህ ጻፋቸው፤ በመስመር ከጻፍካቸው ዓይንህ የድሮውን ቃል አለቅም ይላል። ይህን ያስተማረኝ የለም፣ በናፕኪን ላይ ስቸከችክ ያገኘሁት ነው።

ብተና የዘፋኞቹም ጨዋታ ነው። የዶርስ ባንድ ዘፋኝ ጂም ሞሪሰን በ1971ዱ ኤል ኤ ዉማን ዘፈን ውስጥ «ሚስተር ሞጆ ራይዚን» እያለ ይደጋግማል፤ ፊደሎቹን ስትበትናቸው የገዛ ስሙ ነው። እኔ ሞጆ ሲል የታየኝ የአዳማ መንገድ ነበር። ጋሼ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «ደረቅ ወደቡ ሳይሠራ ነው እንዴ የዘፈነላት?»

ስለ ጋሼ ልንገራችሁ። በደርግ ጊዜ ፒያሳ አንድ ሙዚቃ ቤት ካሴት ይቀዱ ነበር። የማያውቁት ዜማ የለም፣ ዘፋኙን ከነዓመቱ ይነግሩሃል፣ ግን ፍንጭ መፍታት አይወዱም፤ «ጣጣ ነው» ይላሉ። ስለዚህ ተካፈልን። እኔ ፊደሉን እገጣጥማለሁ፣ እሳቸው እንዲህ የሚባል ዘፈን አለ ወይም የለም ይላሉ። እኔ ብቻዬን ስሠራ ያለ የሚመስል ግን ማንም ያልዘፈነው ርዕስ ብዙ ጊዜ ይወጣልኛል፣ እሳቸው ብቻቸውን ሲሆኑ ደግሞ ዜማው ምላሳቸው ላይ ቆሞ ይቀራል። «ገሃነም፣ ከዚያ ፍቅር፤ ሰላምታ ነው (5)» የምትለዋን ሳነብላቸው ሳልጨርስ «ሄሎ! ላዮኔል ሪቺ!» አሉ። ሰላምታ የሚለውን ሰምተው ነው። ገሃነም ሄል መሆኑ ገባቸው፣ ፍቅር ግን እንዴት ኦ ሆነ? ቴኒስ ላይ ዜሮ ነጥብ ፍቅር ይባላል፣ ዜሮ ደግሞ ኦን ይመስላል አልኳቸው። «ፍቅርን ዜሮ ያለ ሕዝብ» ብለው ወደ ፎጣዎቻቸው ተመለሱ።

እንዲህ ያለ የተለመደ አቋራጭ ብዙ አለ፤ በቃል ይያዛል። ሠራተኛ ሲል ብዙ ጊዜ ጉንዳን ነው፣ አንት። አብዮተኛ ቼ ነው። አበባ የሚለው ፍላወር፣ ፍሎው መፍሰስ ስለሆነ፣ የሚፈስ ነገር፣ ማለትም ወንዝ ሊሆን ይችላል። ትልቅ ከተማ ከተባለ ሎስ አንጀለስን ሞክር፣ ሲያጥር ኤል ኤ፣ ሁለት ፊደል ብቻ ነዋ። «አስቀምጥ፣ ሎስ አንጀለስ» ብሎ (አስቀምጥ ሌይ ነው) ሌይላን ደብቆ አግኝቼዋለሁ፣ የኤሪክ ክላፕተንን። ጋሼ አሁን «አንተ ደግሞ ሁሉ ቦታ ሎስ አንጀለስ ይታይሃል» ይሉኛል። እውነት ነው፣ ይታየኛል።

ያጨቃጨቀን ፍንጭ ደግሞ ይኸው፦ «መጀመሪያ እንቁላል ፍርፍር ነበር፤ አሁን አንድ ቀን አለፈው (9)»። ጠረጴዛው ላይ ያለው ሁሉ እንቁላል የሚለውን ቃል መበተን ጀመረ። ፍርፍር በእንግሊዝኛው የተበጠበጠ ነውና ብተና ይመስላል። ግን ቁጥሩን እዩት። ኤግስ አራት ፊደል ነው፣ መልሱ ዘጠኝ። አይበቃም። ቁጥሩ ካልበቃ ብተና አይደለም፣ አለቀ። ጋሼ ነበሩ የፈቱት፦ የቢትልሱ ፖል ማካርትኒ የየስተርደይን ዜማ ግጥም ሳያገኝለት «እንቁላል ፍርፍር» እያለ ነበር የሚያንጎራጉረው። ከዚያ በ1965 ትናንት ሆነ። ታሪኩ ደስ ይላል፣ እኔ ግን እስካሁን ፍንጩን አልቀበለውም። ፍንጭ ታሪክ የማያውቅም ሰው ከወረቀቱ ብቻ ሊፈታው መቻል አለበት። ይህን ለሂሳብ ክፍሉ ሰውዬ ስነግረው ተናደደ፤ ለእንግሊዝ ይህ ቀልድ አይደለም። በ1942 ዴይሊ ቴሌግራፍ ጋዜጣ ክሮስወርዱን በ12 ደቂቃ የሚጨርስ ካለ ይምጣ ብሎ ተወዳዳሪ ጠርቶ፣ ከመጡት ውስጥ አንዳንዶቹ ኋላ ላይ የጀርመን ምስጢራዊ መልእክት ወደሚፈታበት ወደ ብሌችሊ ፓርክ ተጠርተዋል።

ባለሦስት ፊደሎቹን ቸል አትበሉ። አጭር ስለሆኑ ቀላል ይመስላሉ እንጂ መያዣ የላቸውም። «የስኮትላንድ ተራራ» ቤን ነው፣ የማይክል ጃክሰን የ1972 ዘፈን፣ ስለ አይጥ የተዘፈነ። «ከፊትም ከኋላም ያው የሆነ የድረሱልኝ ጥሪ» ኤስ ኦ ኤስ ነው፤ የሚገርመው የዘፋኞቹ ስም፣ አባም፣ በእንግሊዝኛ ፊደል ከሁለቱም ወገን አንድ ነው።

ከሁሉም ግን ይቺ፦ «ጥሬው ሲመለስ ጠብ ይነሣል (3)»። ጥሬ! ለአበሻ ጥሬ ብለው ጻፉለት። ሥጋው ለጊዜው ይቆየን ብዬ ጥሬ የሚለውን፣ ሮውን፣ ከኋላ አነበብኩት፤ ዎር ሆነ፣ ጦርነት። ሰውዬው በልቡ የያዘው የኤድዊን ስታርን የ1970 ዘፈን ነበር። ጋሼ ግን ብድግ አሉ። «የቦብ ማርሌይ ነው፣ 1976! ቃሉ የጃንሆይ ነው፣ በ1963 ኒውዮርክ ተባበሩት መንግሥታት ላይ የተናገሩት!» እውነታቸውን ነው፤ የዚያ ዘፈን ግጥም ከንግግራቸው የተወሰደ ነው። ክፍሉ ጸጥ አለ፣ ከዚያ ሰውዬው ስልኩን አውጥቶ አጣራ። ርዕሱ ያው ስለሆነ ነጥቡ አልተቀየረም። ጋሼ ግን ያን ሳምንት ብስኩቱን ለብቻቸው ነው የወሰዱት፣ ማንም አልተከራከራቸውም።

ሰሞኑን እኔም ፍንጭ መጻፍ ጀምሬያለሁ። ከመፍታት ይከብዳል፤ ሰሙ ተፈጥሯዊ ካልመሰለ ማንም አይታለልልህም። ከጻፍኳቸው ውስጥ ፍሪጁ ላይ የተለጠፈችልኝ አንዷ ይቺ ናት፣ የ1970 ዘፈን ነው፣ እስካሁን ያልኩትን ከያዛችሁ ትፈቷታላችሁ፦ «እነሆ፣ ሎስ አንጀለስ! ሴት ናት (4)»። ካቃታችሁ አገር ስጡኝ።