ቦርጭ ዝም ብሎ አይቀመጥም፦ ስኳሬን እንዴት አወረድኩት

እኛ ጋ ቦርጭ ያወጣ ሰው "ተመችቶታል" ነው የሚባለው። እኔም ደብረ ማርቆስ ላይ የቢሮ ሥራ ከያዝኩ ወዲህ ተመችቶኝ ነበር፤ ጠዋት ባጃጅ፣ ቀን ወንበር፣ ማታ ሶፋ። በባዶ ሆድ የተለካው ስኳሬ 114 እስኪወጣ ድረስ። ከ100 በታች ጤነኛ ነው፤ ከ100 እስከ 125 ቅድመ ስኳር ይባላል፤ 126 እና ከዚያ በላይ ሆኖ በድጋሚ ምርመራ ከተረጋገጠ ስኳር በሽታ ነው። ሐኪሟ ሚዛን ላይ ውጣ አላለችኝም። ሜትር አወጣችና እምብርቴ ላይ አዙራ ለካችኝ፤ 104 ሴንቲ ሜትር። "ዋናው ጉዳይህ እዚህ ነው" አለችኝ።

ለምን ወገብ? ይሄ ጥያቄ ነው ብዙ ያስነበበኝ። ስብን የትርፍ ምግብ ጎተራ አድርጌ ነበር የማስበው። ለካ ስብ እንደ ጉበትና እንደ ጣፊያ ሥራ ያለው አካል ነው። ወደ ደም መልእክት ይልካል። እ.ኤ.አ. በ1994 ሌፕቲን የተባለው ሆርሞን ሲገኝ ይሄ ነገር ግልጽ እየሆነ መጣ፤ ሌፕቲን ከስብ ወጥቶ አንጎልን "ክምችት አለ" የሚል ነው። በኋላ ደግሞ የባሰ የሚገርም ነገር ተገኘ፦ ስብ የሚልከው ፕሮቲን ብቻ አይደለም፣ ራሳቸው ቅባት የሆኑ መልእክተኞችም አሉት። ሊፖካይን ይባላሉ። እ.ኤ.አ. በ2008 የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ፓልሚቶሌይክ አሲድ የተባለው ቅባት በአይጦች ላይ ከስብ ወጥቶ ጡንቻን ለኢንሱሊን (ስኳርን ከደም ወደ ጡንቻ ለሚያስገባው ሆርሞን) ታዛዥ እንደሚያደርግና ጉበት ስብ እንዳያጠራቅም እንደሚረዳ አሳዩ። በሰው ላይ የተገኘው ውጤት ግን አንድ ወጥ አይደለም፤ ስለዚህ እንክብሉን ልግዛ ብላችሁ አትሩጡ።

እኔን በጣም የያዘኝ ሌላኛው ነው። 12፣13-ዳይሆም ይባላል። የሚመነጨው በዋናነት ከቡናማ ስብ ነው፤ ይሄ አንገት ሥርና ትከሻ አካባቢ ያለ፣ ነዳጅ አቃጥሎ ሙቀት የሚሰጥ ስብ ነው፣ የቦርጭ ዓይነት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ጥናት ብርድ ሲነካን መጠኑ እንደሚጨምር፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ደግሞ አንድ ጊዜ ስፖርት ስንሠራ እንኳ እንደሚጨምርና ጡንቻ ከደም ውስጥ ስብ ወስዶ እንዲያቃጥል እንደሚገፋው አሳይቷል። አንድ ጊዜ! ኪሎ ሳይቀንስ፣ ቦርጭ ሳይጎድል። ይሄን ሳነብ ልቤ ተነሳ፣ ምክንያቱም እስከዚያ ድረስ ስፖርት ማለት ከወራት በኋላ ሚዛን ላይ የሚታይ ነገር ነበር የሚመስለኝ።

ከዚያ ባጃጁን ተውኩ። ከቤት ቢሮ በእግሬ ነው፣ ዳገቱን ፈጠን ብዬ፣ ማውራት እስኪከብደኝ። ማታ ማታ ቁጭ ብድግና ፑሻፕ፤ ጡንቻ የስኳር ትልቁ ተጠቃሚ ነውና። ሻይ ላይ ስኳር ቀረ፣ ለስላሳ ቀረ፣ ጠላም ለበዓል ብቻ ሆነ። እንጀራ አልተውኩም፤ ጎጃም ተቀምጦ ጤፍ መተው አይታሰብም። ግን አንዱን እንጀራ በግማሽ አድርጌ ሽሮውን፣ ጎመኑንና ባቄላውን አበዛሁ። ጾም ላይ ሰው የሚወፍረው በምን እንደሆነ ያየሁትም ያኔ ነው፦ ዳቦ፣ ፓስታ፣ ጣፋጭ ሻይ፣ በዘይት የተጠበሰ ድንች።

እናቴ ስታየኝ ደነገጠች። "ምነው ልጄ፣ ታመምህ እንዴ?" ጠዋት በስስ ልብስ ስወጣ ደግሞ "ብርድ ይመታሃል!" ትላለች። የመንቆረር (የደብረ ማርቆስ የድሮ ስሟ ነው) ብርድ መቼም የታወቀ ነው። አስም ወይም የልብ ችግር ያለበት ሰው አይሞክረው፤ እኔም ብርዱ ብቻውን ምን እንዳደረገልኝ ለይቼ አላውቅም፣ እርምጃው እንደሠራ ግን እርግጠኛ ነኝ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ የኑግ ዘይት ነገር። 12፣13-ዳይሆም የሚሠራው ሊኖሌይክ አሲድ ከሚባል ቅባት ነው፤ የእኛ ኑግ ደግሞ አብዛኛው ዘይቱ እሱ ነው። እናቴ ኑግ አስጨምቃ በጠርሙስ ስትልክልኝ ይሄን ነግሬያት በጣም ደስ አላት። ግን ኑግ መጠጣት መልእክተኛውን ያበዛል ማለት አይደለም። ጥሬ ዕቃው በአብዛኞቻችን ሰውነት ውስጥ ሞልቷል፤ ወደ መልእክት የሚለውጠው እንቅስቃሴና ብርድ ነው። ዘይት ዘይት ነው፣ ሲበዛ ቦርጭ ይሆናል።

ሚዛኑ ቶሎ አልተንቀሳቀሰም፣ ብዙ ሰው የሚያቆመውም እዚህ ጋ ይመስለኛል። ወገቤ ግን ቀድሞ ነው የጀመረው፤ ቀበቶዬ ላይ አዲስ ቀዳዳ አስበሳሁ። ሆድ ዕቃን የከበበው ስብ ከቆዳ ሥር ካለው ይልቅ ለእንቅስቃሴ ቶሎ እጁን ይሰጣል፤ ለጉበት የሚያደርሰውም ጉዳት የባሰ ነው። አሁን ወገቤ 93 ነው፤ በባዶ ሆድ ስኳሬ 96። የእኔ ብቻ ዕድል እንዳይመስላችሁ፦ እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት ላይ፣ ቅድመ ስኳር ያለባቸው ሰዎች ከክብደታቸው 7 በመቶ እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ ተደርጎ፣ በስኳር የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀንሷል። ሜትፎርሚን የተባለውን የስኳር መድኃኒት የወሰዱት በ31 በመቶ።

መድኃኒት የጀመራችሁ፣ በተለይ ኢንሱሊን የምትወጉ፣ ምግብ ከመቀነሳችሁና ከመጾማችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ፤ ስኳር ድንገት መውረዱም ይገድላል። ያልጀመራችሁ ደግሞ ሜትር ከልብስ ሰፊ ተዋሱና ጠዋት ቁርስ ሳትበሉ፣ ሆድ ሳትስቡ፣ እምብርት ላይ ለኩ። ቁጥሩን ጻፉት። ከዚያ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ስኳራችሁን ታዩ።