ቫልቩን ማን ዘጋው?

ነገሩ ካለፈ ቆይቷል። እኔን ግን ዛሬም ይከነክነኛል።

የጥገና ክፍሉን ሪፖርት በእንግሊዝኛ የምጽፈው እኔ ነኝ። አንድ ሌሊት ሞተር ተቃጠለ። ቴክኒሻኑ ሲደርስ የማቀዝቀዣው ውሃ ቫልቭ ተዘግቶ አገኘው። እኔም «ዌን ዘ ቴክኒሻን አራይቭድ፣ ዘ ቫልቭ ሃድ ቢን ተርንድ ኦፍ» ብዬ ጻፍኩ።

ሪፖርት ለደንበኛው ከመላኩ በፊት አለቃዬ ያዩታል። ያን ቀን «ሃድ ቢን»ን በቀይ ሰርዘው ከላዩ «ዋዝ» ጻፉበት። ቸኩዬ ስለነበር አስተካክዬ ላክሁት። ይሄ የኔ ጥፋት ነው።

በሳምንቱ ቴክኒሻኑ ደብዳቤ ይዞ ቢሮዬ ገባ። ደንበኛው ቫልቩን ለምን እንደዘጋው ማብራሪያ ጠይቋል።

«እህቴ፣ እኔ እኮ ተዘግቶ ነው ያገኘሁት። ዘጋው ብለሽ ጻፍሽብኝ?»

አልጻፍኩም ማለት አልቻልኩም። «ዋዝ ተርንድ ኦፍ» ሲባል ቀድሞም ዝግ ነበር ተብሎ ሊነበብ ይችላል። ሰውየው ሲደርስ ተዘጋ ተብሎም ይነበባል። ደንበኛው ሁለተኛውን ነው ያነበበው።

ወዲያው አለቃዬ ጋ ሄድኩ።

«ለአንዲት መዝጋት ይሄን ሁሉ ቃል ምን አስደረደረሽ? ሃድ፣ ቢን፣ ተርንድ፣ ኦፍ» አሉኝ።

«በአማርኛ ቢሆን ‹ሲደርስ ቫልቩ ተዘጋ› ይላሉ ወይስ ‹ተዘግቶ ነበር›?»

ትንሽ አሰቡ። «ተዘግቶ ነበር።»

«ሃድ ቢን ማለት እሱ ነው።»

ይሄን ነገር ሁሌም እወደዋለሁ። እኛ «ተዘግቶ ነበር» ብለን በሁለት ቃል እንጨርሰዋለን። «ተ» ተደራጊነቱን ትይዛለች። «ነበር» ደግሞ ነገሩን ወደ ኋላ ይወስደዋል። እንግሊዝኛው ግን አንዱንም ቃል ቢያጡበት አይሆንለትም። ሌላ ጊዜ አንድ ባልደረባዬ «ኦፍ»ን ረስቶ «ሃድ ቢን ተርንድ» ብሎ ጽፎ ነበር። ቫልቩ ዞሮ ነበር ማለት ነው። ወደ መክፈት ይዙር ወደ መዝጋት ማን ይወቅ? በአድራጊው ቢጽፈው «ተርንድ ዘ ቫልቭ ኦፍ» ብሎ ቫልቩን መሀል ማስገባት ይችል ነበር። በተደራጊው ግን መሀል የሚገባ ነገር የለም፤ «ኦፍ» ከ«ተርንድ» ኋላ ተጣብቃ ትቀመጣለች።

አለቃዬ ብዕራቸውን አስቀመጡ። «እሺ፣ ገባኝ። ማን ዘጋው ታዲያ?»

ዝም አልኩ። አውቅ ነበር። የሌሊት ተረኛው ነው። «ሃድ ቢን» ጊዜውን በትክክል ይናገርልኛል፤ የሰውየውን ስም ግን አያስጠራኝም። ሰው ላይ መጠቆም ስለከበደኝ ነው ዓረፍተ ነገሩን እንደዚያ ያበጀሁት። በዚህ የተነሳ ምንም ያላጠፋ ቴክኒሻን ደብዳቤ ደረሰው። አለቃዬ ሰዋስዉን ስተዋል። ጥያቄያቸው ግን ልክ ነበር፤ እኔም መልሱን ሪፖርቱ ላይ ማስፈር ነበረብኝ።

የሌሊት ተረኛውን ጠርቼ ዓረፍተ ነገሩን አነበብኩለት። «ባይ ዘ ናይት ሺፍት ኦፕሬተር»፣ ማለትም «በሌሊት ተረኛው» የሚለውን ጨምሬበት ነበር። ይቆጣል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ እሱ ግን አልተቆጣም።

«አዎ፣ እኔ ነኝ የዘጋሁት። ቧንቧው ሲያፈስ አይቼ ነው። መዝገቡ ላይም ጽፌዋለሁ። የጠየቀኝ የለም እንጂ።»

መዝገቡን አስመጥቼ አየሁ። በእጅ ጽሑፉ፣ ከነሰዓቱ ሰፍሯል። ቧንቧው ማፍሰሱንም ጨምሬ ሪፖርቱን እንደገና ላክሁት። «ሃድ ቢን» ቦታው ላይ ነው።